እስከ አህያ ማሰሪያው የተሰማው ጊታር

ሃምሳ አለቃ ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አነሱና፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አልመጣሽም እንዴ?» አሉኝ።

መጥቻለሁ። ከእሳቸው ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጬ የጣቶቼ ጫፍ እስኪቀላ ድረስ ጊታር እየመታሁ ነበር። ድራም መቺው በመምቻ ዱላው ማጅራቱን እያከከ፣ «መጥታለች ሃምሳ አለቃ፤ እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ። መስማቱን ግን ለአላህ ትተነዋል» አለ። በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ተወዛዋዦች በሙሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲስቅ አብሬ መሳቅ ልማዴ ነው። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ይህ የሆነው አምና፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ከትውልድ ከተማዬ ከሐይቅ ርቄያለሁ። ጓደኞቼ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ሐይቁና ስለ ዓሣው እነግራቸዋለሁ። ይህን ታሪክ ግን በአፌ ስናገረው እየተጣደፍኩ ስለማበላሸው፣ ረጋ ብዬ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

እንደ ሌላው ቀበሌ ሁሉ የእኛም ቀበሌ የኪነት ቡድን አለው። የቡድኑን ሙዚቃ የሚመሩት ሃምሳ አለቃ በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር ቆመው ሳክስፎናቸውን ሲነፉ፣ መሐል ውኃ ላይ መረብ የሚጥሉት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ይሰሟቸዋል። አምባሰል ቅኝት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስሙን ያወጣለት ተራራ ጎረቤታችን ነው። ሃምሳ አለቃ ግን ቅኝቱን ይዘው ዜማውን ይለቁታል። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዜማ አብረን እንጫወታለን። ከዚያ እሳቸው ልባቸው የወደደውን እዚያው እየፈጠሩ ይሄዳሉ፣ ድራም መቺው ይመልስላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ የመለሰላቸውን ተቀብለው ሌላ ቦታ ያደርሱታል። የእኔ ሥራ ከሥር ሆኜ በአራት ምት «ጨክ፣ ጨክ፣ ጨክ፣ ጨክ» እያልኩ መንገዱን መያዝ ነው።

«ጃዝ ይሄ ነው» ይሉኝ ነበር። «እኛ እንደ ልባችን ርቀን እንድንመለስ አንቺ ከቦታሽ መጥፋት የለብሽም።»

እኔ ግን ከቦታዬ ሳልነቃነቅ እጠፋለሁ። ጊታሬ ትንሽ ነበረች፤ ክሯም ናይለን ነው። ቤት ውስጥ ለብቻ ሲመቷት ደስ ትላለች። ሳክስፎንና ድራም ባለበት ግን ገበያ መሐል ገብቶ በሹክሹክታ እንደሚጣራ ሰው ናት። የኤሌክትሪክ ጊታር እንዳይባል፣ የምንጫወትባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ መብራት የላቸውም።

ያን ሰሞን ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ ውጫሌ ገበያ ሜዳ ላይ ለገበሬ ማኅበራት እንድንጫወት ተጠራን። በማግሥቱ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ቀበሌው አንድ መሣሪያ እንዲገዛ መፈቀዱን ነገረን።

«አኮርዲዮን ይገዛ» አለ። «እሷ ወደ ውዝዋዜው ትመለስ፤ ትከሻዋ ጥሩ ነው።»

ከተወዛዋዦቹ መስመር ወጥቼ መሣሪያ ይዤ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አንድ ዓመት ሙሉ ለምኛለሁ። ከሴቶቹ መካከል መሣሪያ የምትጫወት እኔ ብቻ ነበርኩ። ውዝዋዜን ንቄ አይደለም፤ ግን ሃምሳ አለቃ ርቀው ሄደው ወደ ዜማው ሲመለሱ እኔን ከተውኝ ቦታ የሚያገኙኝ ጊዜ አለ፤ ያን ስሜት በሌላ ነገር አግኝቼው አላውቅም። ይህን ለስብሰባው መናገር አልቻልኩም። «እንዳላችሁ ይሁን፣ ጓድ» ልል አፌን ስከፍት ሃምሳ አለቃ ቀደሙኝ።

«ጥፋቱ የጊታሩ ነው እንጂ የልጅቷ አይደለም። ድምፅ ያለው ጊታር ደሴ አይጠፋም።»

ሊቀ መንበሩ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፤ ውጫሌ ላይ እናያለን። እዚያ ካልተሰማች ጊታሩ ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል፣ አኮርዲዮን ይመጣል፣ እሷም ትወዛወዛለች» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

እናቴ ጊታር ልገዛ ከሃምሳ አለቃ ጋር ደሴ እንደምሄድ ስትሰማ፣ «ከወንድ ጋር ደሴ? ወላሂ አጎትሽ ካልሄደ እግርሽ ከዚህ ደጅ አይወጣም» አለች። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው የእህል ንግድ ሲሆን፣ ሰው ለዱዓ የሚሰበሰብበት ሀድራ በሚኖርበት ጊዜ ደግሞ ለመንዙማው ድቤ የሚባለውን ከበሮ የሚመታው እሱ ነው። «እሄዳለሁ፤ ግን ስለ ጊታር እንዳትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ድቤ ብቻ ነው» አለ። እኔም በውስጤ፣ እሱ መንገዱን ይሸኘን እንጂ ጊታሩን የምንመርጠው እኔና ሃምሳ አለቃ ነን ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ደሴ እንደደረስን የገባንበት የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሁለት ጊታር ነበረው። አንደኛው ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ፣ እንደ ማር የሚያብረቀርቅ፣ ሆደ ሰፊ አዲስ ጊታር ነው። አቅፌው አንድ ኮርድ ስመታ የጎድን አጥንቴ ሁሉ ነዘረኝ። ሱቁ በድምፅ ሞላ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ቶሎ የመጣልኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ሲያየው ደስ ይለዋል አልኩ።

ሁለተኛው ከግድግዳው ጥግ አቧራ ጠጥቶ ተሰቅሏል። ሆዱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ ነው። እንደ ሌሎቹ ጊታሮች መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ የለውም፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጠማማ ስንጥቆች ብቻ አሉት። ቀለሙ ተልጦ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ወጥቷል።

«እሱን ተዉት» አለ ባለሱቁ። «ድሮ ሆቴል ቤት የሚጫወቱ ሰዎች ጥለውት የሄዱት ነው። ለጌጥ ነው የሰቀልኩት።»

ለወጉ ያህል አውርጄ መታሁት። ደረቅ ነው፤ እቅፌ ውስጥ ምንም አይነዝርም፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ነው። መልሼ ሰቀልኩትና አዲሱን አነሳሁ።

እስከዚያ ድረስ በሩ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ የነበረው አጎቴ፣ «ልጄ፣ ለማን ነው የምትመቺው?» አለኝ።

«ለሰው ነዋ፣ አጎቴ።»

«ታዲያ በሆድሽ ምን ያሰማሻል? በእኛ ሀድራ ቤት ድቤ የሚገዛ ሰው ድቤውን በእጁ አይነካም።»

ሃምሳ አለቃ ዞር አሉ። «እንዴት ሆኖ ይገዛዋል ታዲያ?»

«ታቅፎ የሚመታው ሰው ሁሉም ነጎድጓድ ይመስለዋል። ስለዚህ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ ይቀበላሉ፤ ገዢው ወጥቶ አጥሩ ጋ ይቆማል። በሰው ድምፅ መሐል አልፎ አጥሩ ጋ የደረሰው ድቤ ይገዛል። ቤት ውስጥ የጮኸው እዚያው ይቀራል።»

ሃምሳ አለቃ የሳክስፎናቸውን ሳጥን ከፈቱ። ባለሱቁ ደነገጠ።

«ሼኽ፣ መንገድ ላይ ልትዘፍኑብኝ ነው?» አለ ወደ አጎቴ ዞሮ።

«ሸጠህ መገላገል አትፈልግም? ና፣ ጊታሩን አንተ ያዝ» አለው አጎቴ።

«እኔ የማውቀው አንድ ኮርድ ብቻ ነው።»

«አንድ ይበቃል» አሉ ሃምሳ አለቃ።

አጎቴ የሳሙና ሣጥን ደፍቶ ተቀመጠበት። እኔን መንገዱን ተሻግሬ ፊቴን ወደ ማዶው ግንብ እንዳዞር አዘዘኝ፤ የትኛው ጊታር እንደሚመታ እንዳላይ ነው። ሃምሳ አለቃ የአምባሰልን ዜማ ጀመሩ፣ አጎቴ ሣጥኑን መታ፣ ሰው ተሰበሰበ፤ አንድ አውቶቡስም ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። ከመጀመሪያው ጊታር የደረሰኝ «ዱም ዱም» የሚል ነገር ብቻ ነው፤ የቱ የሣጥኑ፣ የቱ የጊታሩ ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ትንሽ ቆሙና እንደገና ጀመሩ። አሁን «ጨክ፣ ጨክ፣ ጨክ፣ ጨክ» የሚል መጣ። ድምፁ ግዙፍ አይደለም። ግን ሳክስፎኑ ከላይ፣ ሣጥኑ ከታች ሆነው እያለ፣ እሱ በመሐል ባለው ክፍት ቦታ እየሾለከ እያንዳንዱ ምት ለየብቻው ጆሮዬ ደረሰ።

«ሁለተኛው!» ብዬ ጮህኩና ዞርኩ። ባለሱቁ እጅ ላይ ያለው አሮጌው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ያንን የተላጠ ነገር ይዤ ቀበሌ ስገባ ታየኝ። ግን ከመንገድ ማዶ ሆኜ በጆሮዬ የሰማሁትን በዓይኔ ልሽረው አልፈለግሁም። ሃምሳ አለቃም ወፍራም የሽቦ ክር አብረው ገዙና፣ «ይህን በጣትሽ አትችይውም፤ ጠንካራ መምቻ ያስፈልግሻል» አሉኝ። አጎቴ ያን ሳምንት የበሬ ቀንድ ቆርጦና ሞርዶ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መምቻ ሠራልኝ። ጊታሩ የቀበሌው ስለሆነ ሐይቅ ቀርቷል፤ መምቻዋን ግን ይዣት መጥቻለሁ፤ ይህን ስጽፍ እርሳስ ማስቀመጫዬ ውስጥ ናት።

ሊቀ መንበሩ ጊታሩን ባየ ጊዜ የፈራሁት ሆነ። «የሕዝብ ገንዘብ ይዛችሁ ሄዳችሁ የፊውዳል ጊታር ታመጣላችሁ?»

ሰውን ማስከፋት የምፈራ ልጅ ነኝ። ያን ዕለት ግን፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ አዲሱንም ሰምተነዋል። ከመንገድ ማዶ የተሰማው ይሄኛው ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እኛም እንስማዋ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ኮሚቴና አንዳንድ የቀበሌው ሽማግሌዎች ፊት ለፊታችን ወንበር ይዘው ተቀመጡ። አጎቴ ኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጀመርን። በቀንዷ መምቻ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። ዜማው እንዳለቀ ድራም መቺውን ቀና ብዬ አየሁት። ሊስቅ ፈልጎ አልሳቀም።

«ሃምሳ አለቃ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬም አልመጣችም።»

ሊቀ መንበሩ እግሩን አጣምሮ ተደላደለ። ሃምሳ አለቃ ጊታሩን ተቀብለው ሁለቴ መቱት፤ አዳራሹን ሰንጥቆ ሄደ። መልሰው ሰጡኝ፤ እኔ ስመታው ጠፋ። ግራ ገባቸው። እኔ አልቅሼ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚህ መሐል አጎቴ ከበሩ ላይ፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ምን አድርጎሽ ነው?» አለ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ግድግዳውን ነው እኮ የምትመቺው። እዩዋት እስቲ።»

ያኔ ራሴን አየሁ። ታላላቅ ሰዎች ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ እናቴ እንዳስተማረችኝ ተቀምጬ ነበር። ለትልቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ ፊት ለፊት ማፍጠጥም ነውር ነው። ስለዚህ ትከሻዬን ሰበር አድርጌ፣ ወንበሬን ወደ ጎን አዙሬ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ጊታሩም አብሮኝ አንገቱን ደፍቶ ፊቱን ለግድግዳውና ለወለሉ ሰጥቷል። በዚያ ላይ የነጠላዬ ጫፍ ከትከሻዬ ወርዶ ሁለቱንም ስንጥቆች ሸፍኗቸዋል። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ስቀመጥ ማንም ሰው አላየኝም። አላየኝም ያልኩት፣ በአዳራሹ ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ ትክክለኛው የሴት ልጅ አቀማመጥ ያ ስለሆነ ነው። ሃምሳ አለቃ እንኳ ከእኛው አገር ተወልደው ያደጉ ናቸው።

አጎቴ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ወንበሬን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ሰዎቹ አዞረው።

«አደብሽ ደስ ይለኛል» አለኝ። «አደቡን አንቺ ያዥው። ጊታሩ አደብ አያስፈልገውም።»

አንድ ሽማግሌ፣ «ልክ ነው፤ እኛ እንደሆን አናፍርባትም» አሉ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ጊታሩን ቀና አደረግሁ። ሃምሳ አለቃ በእግራቸው አራት ቆጠሩ።

በሦስተኛው ምት ላይ ድራም መቺው መምቻ ዱላውን እያወናጨፈ፣ «መጣች! መጣች!» ብሎ ጮኸ፤ ራሱ ምቱን ሳተ።

ሊቀ መንበሩ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «ይሄ አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝንብም ብትገባ ትሰማለች። ቃላችን ውጫሌ ላይ ነው» አለ።

ወደ ውጫሌ በጭነት መኪና ሄድን። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሜዳው በሰውና በከብት ተሞልቶ ባዶ ቦታ አልነበረውም። አንድ ማይክሮፎን ነበር፤ እሱም የንግግር አድራጊዎቹ ነው። ንግግሩ እንዳበቃ ነዳጅ እንዳያልቅ ብለው ጄኔሬተሩን አጠፉት። አጎቴ አብሮን መጥቶ ነበርና ከእሱ ጋር ምልክት ተስማማን። እሱ በሜዳው ጫፍ፣ አህዮች ከሚታሰሩበት ቦታ ይቆማል። ጊታሩ እዚያ ድረስ ከተሰማው ዱላውን ወደ ላይ ያነሳል።

እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከፊት ረድፍ ጥምጣም የጠመጠሙና ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ቀጥሎ ሊቀ መንበራችን ከውጫሌ ጓዶቹ ጋር፣ ከዚያ በኋላ ማለቂያ የሌለው የሰው ፊት። ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ሊሰበር ሞከረ። እኔ ግን ወንበሬን ራሴ አስተካክዬ፣ ጊታሩን ቀና አድርጌ፣ ዓይኔን ከሰዎቹ ራስ በላይ አሻግሬ የአጎቴ ዱላ ላይ ተከልኩ።

የአምባሰል ዜማ ሲጀመር ሰው ማጨብጨብ ያዘ። አገሩ የራሱ ነው፣ ዜማው የራሱ ነው፣ ምን ይደረጋል! ጭብጨባው ለእኔ ተጨማሪ ባላጋራ ሆነ። ሃምሳ አለቃ ዜማውን ለቀው መሄድ ጀመሩ። የሚያጨበጭቡት ሰዎች ለጊዜው ግራ ገባቸው። በጭብጨባ የሚይዙት ነገር እየፈለጉ ቆዩና፣ ከፊት ረድፍ ያሉት አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በእኔ «ጨክ ጨክ» ላይ አሳረፉ። ከዚያ ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ረድፉ ሁሉ። ሃምሳ አለቃ ሕዝቡ እንዳልጠፋባቸው ሲያዩ ይበልጥ ራቁ፤ እንደዚያ ርቀው ሲሄዱ ሰምቻቸው አላውቅም። እኔ አልተነቃነቅሁም። ዱላው ግን አልተነሳም።

ክንዴ ዛለ። መምቻዋን የያዝኩበትን ጣቴን አላበው። ዱላው አሁንም እዚያው ነው። ድራም መቺው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እህቴ፣ እንዳትለቂ!» አለኝ። እህቴ ብሎ የጠራኝ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው። አልለቀቅሁም። ሃምሳ አለቃ ከዚያ ሁሉ ርቀት ተመልሰው ዜማው ላይ፣ ልክ ከተውኝ ቦታ ሲያርፉ፣ ዱላው ከአህዮቹ ጆሮ በላይ ብድግ አለ። የመጨረሻውን ዙር እንዴት እንደመታሁት አላውቅም። አጠገባችን የነበሩት ተወዛዋዦች በኋላ እንደነገሩኝ፣ እየሳቅሁ ነበር።

ስንጨርስ ሊቀ መንበሩ መጣ። ጊታሩን ገልበጥ አድርጎ አየው፤ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ኮስተር ብሎ፣ «አኮርዲዮኑ ይቆይ» አለ። ትንሽ ሄዶ ተመለሰና፣ «ወንበርሽን እንደዛሬው ነው የምታዞሪው፣ ሰምተሻል?» ብሎ ጨመረ፤ ሐሳቡን ያመነጨው እሱ ራሱ ይመስል ነበር።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ጭነት መኪናው ላይ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥኩ። «ዱላውን ሳየው ነፍሴ መለስ አለች» አልኩት።

«የትኛውን ዱላ?»

«ያነሳኸውን ነዋ! መስማትህን ያሳየህበትን!»

ግንባሩን መታ። «ያ አላህ! እሱን እማ ያነሳሁት አንዲት አህያ የሰው ጤፍ ከረጢት ስትቀድ አይቼ ነው።»

ያን ሁሉ ኩራት አህያ ይዛው የሄደች መሰለኝ። አጎቴ ፊቴን አየና ሳቁን ለቀቀው።

«አብሽሪ፣ ልጄ! አንቺንማ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ሰምቼሻለሁ። ምልክቱን የረሳሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ምን ሥራ ነበረህ አህያ ማሰሪያው ጋ?»

«እዚያ እህል የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ‹ያቺ ጨክ ጨክ የምታደርገው የማን ልጅ ናት?› ትላለች፤ የእኔ ናት እላለሁ። ሳልጨርስ ሌላዋ ትጠይቃለች፤ የእኔ ናት እላለሁ። ከነሱ ማዶ ያለው አህያ ነጂ ደግሞ ይጠይቃል። ስንቱን ልመልስ? ዱላ የማነሳበት ጊዜ ከየት ላምጣ?»